ጥጥ ነው፣ በእሳት አረጋግጠናል

መርካቶ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ አክስቴ ዱንያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ጠዋት አትክልት ተራ ከሚራገፈው ጎመን የበዛ፣ ከመሳለሚያ ረዳቶች ጩኸት የጎላ ሆኖ ያለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። ጤና፣ ዕድሜና ሆደ ሰፊ አከራይ ይስጥሽ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ቃሌን እሰጣለሁ። እኔ ሱሀይር፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ ሥራዬ ተማሪነት፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳይገፋፋኝና ሳያስፈራራኝ፣ ከጋሽ ሶሬሳ ኮት ኪስ አንዲት ፖስትካርድ መስረቄን አምናለሁ። ለቅጣት ማቅለያ እንዲያዝልኝ የምጠይቀው፣ እጄ ኪሳቸው የገባው ማስቲካ ፍለጋ መሆኑን ነው።

ጋሽ ሶሬሳን ታውቂያቸዋለሽ፤ ከሱቃችን ፊት ለፊት መጋረጃ የሚሸጡት፣ በየሁለት ወሩ ለዕቃ ኢስታንቡል የሚመላለሱት። ካርዷን የሰጠሻቸው አንቺ ነሽ። ለማንም እንዳያሳዩ አስምለሻቸዋል አሉ። ምስጢር መጠበቅ እንኳ ጠብቀዋል፤ ሦስት ጥያቄ ብጠይቃቸው የአምስት መልስ ነገሩኝ እንጂ።

አክስቴ፣ ያ ሥዕል የእውነት ያንቺ ነው? መጀመሪያ ሳየው ጽሑፍ መሰለኝ። ላነበው ስል እምቢ አለኝ። ገልብጬ ያዝኩት፤ እምቢ። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ የሆነ ፊደል ከተቀመጠበት ሊነሳ ሲል የደረስኩበት መሰለኝና ጀርባዬን ወረረኝ። ከመዳፌ የማትበልጥ ካርድ እኮ ናት! ከኋላዋ በደቃቅ ፊደል ስምሽ አለ። ከአባቴ ጋር አንድ ቤት ያደግሽው፣ እሱ ዛሬም «እህቴ» የሚልሽ፣ ሱቃችን ውስጥ ግን ስምሽ የማይነሳው ዱንያ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ግድግዳ ነው። የድሮው ሱቅ ፈርሶ አዲስ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ገብተናል። አባባ፣ ማለትም ሐጂ ጀማለዲን፣ የኔ አያት፣ ያንቺ አጎት፣ የአቡጀዲ ንጉሥ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ የካዕባ ፖስተር ሰቅለው ነበር። በስድስት ወር ፀሐይ በላው። ቀዩም ቢጫውም ሄዶ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ምድሩ ሰማያዊ፣ ሐጃጁ ሁሉ ሰማያዊ። አስተግፊሩላህ፣ ሰዎቹ እየዋኙ የሚዞሩ ነው የሚመስሉት። አባባ አውርደው ጠቀለሉት፣ ግድግዳው ባዶ ቀረ።

ይሄኔ ጎረቤታችን ጋሽ አስናቀው፣ የዩኒፎርም ጨርቅ ነጋዴው፣ በመብራት የሚንቀሳቀስ የፏፏቴ ሥዕል ሰቀሉ። የወፍ ድምፅም አለው። ደንበኛ ፏፏቴ ሊያይ እሳቸው ጋ ይገባል፤ ዓይኑ እዚያ ፈዞ ጨርቁንም እዚያው ይገዛል። መብራት ሲጠፋ ፏፏቴው ይደርቃል፤ በሳምንት ውስጥ አባባ ፈገግ የሚሉት ያኔ ብቻ ነው።

«አባባ፣ እኛም ሥዕል እንግዛ» አልኳቸው።

«ሰው የሌለበት፣ እንስሳ የሌለበት፣ ውሃ የማይወርድበት፣ ፀሐይ የማይበላው ካገኘሽ አምጪ።»

«አለ። ጽሑፍ የሚመስል፣ ግን ጽሑፍ ያልሆነ። ቱርክ አገር።»

«የማን ሥራ ነው?»

«የታወቀ ሰው» አልኩ። አልዋሸሁም፤ እኔ አውቅሻለሁ።

ስለዚህ አክስቴ፣ ዋጋሽን ንገሪን። አባባ ሳይከራከሩ ስለማይገዙ ከፍ አድርገሽ ጥሪው። በደብዳቤ የመጣሁት ደግሞ ወድጄ አይደለም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እስኪያልፍ እናቴ ስልኬን ወርሳኛለች።

ሌባዋ ሱሀይር

ኢስታንቡል፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሱሀይር፣

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። ከመጋረጃ ናሙና መሀል ተጠቅልሎ የመጣው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አላህ ያሳድግሽ፤ ምላስሽን ግን እዚያው በቆመበት ያቆየው። ስለይሽ ከጣቃ ጀርባ ተደብቀሽ የደንበኛ እግር የምትኮረኩሪ ልጅ ነበርሽ። እንዳላሻሻልሽ ገብቶኛል።

ስለ ዕቃው ልንገርሽ፤ ይኼ ፖስተር አይደለም። ወረቀቱ መቶ በመቶ ጥጥ ነው፤ ውስጡ አሲድ ስለሌለው አይበልዝም። ቀለሙ ውሃ ውስጥ የሟሟ ሳይሆን የላመ ዱቄት ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የምሠራው ሕትመት ቤት ስለሆነ የራሴን ሥዕል የማትመው ራሴ ነኝ። እያንዳንዱን ቅጂ ከዋናው ሥዕል ጎን አነጥፍና ጥቁሩ ያንኑ ጥቁር እስኪሆን ድረስ እመላለስበታለሁ። ሃያ አምስት ቅጂ ብቻ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የለም። ፀሐይ ፊት ለፊት ካልመታው አንቺ አያት ሆነሽ የልጅ ልጆችሽ ሲያሾፉብሽ እሱ እንዳለ ይሆናል።

ስለዚህ፦ በባዶ እጅ አይነካ፣ ነጭ የጥጥ ጓንት ይደረግ። በማስቲሽ አይለጠፍ። ላሚኔት የሚባል ቃል አጠገቡ አይነሳ። ከመስኮቱ ትይዩ ካለው ግድግዳ ሳይሆን ከጎን ባለው ላይ ይሰቀል።

ስለ ሌላው ነገር፣ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ የሰማሽውን ከኔው ስሚው። የቦንዳ ምልክት ጻፊ እኔ ነበርኩ። ማንበብ የማይችለው ተሸካሚ እንኳ ከሩቅ እንዲለየው፣ የአባባን ምልክት በወፍራም ብሩሽ በየቦንዳው ላይ እስል ነበር። ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን መደርደሪያው ጫፍ ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አገኘሁና እጄ የመራኝን ከዳር እስከ ዳር ጻፍኩበት። ጨርቁ አባባ ለራሳቸው ከፈን ብለው ከመካ ያመጡት፣ በዘምዘም የታጠበው ነበር። «ሞቴን ቀለም ቀባሽው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሜ በዚያ ሱቅ እንዳይጠራ በአላህ ማሉ። አባባን ታውቂያቸዋለሽ፤ በዋጋ እንጂ በመሐላ አይከራከሩም። እኔም ለራሴ ቃል ገባሁ፦ በገዛ አፋቸው ካልጠሩኝ እግሬ መርካቶን አይረግጥም። ዘጠኝ አረፋ አለፈ።

ስለዚህ የማን ሥራ እንደሆነ አትንገሪያቸው። ሥዕሉ ሥር፣ ቀኝ ማዕዘን ላይ ስሜን ከቅጂው ቁጥር ጋር በእርሳስ ጽፌያለሁ። ከወደዱት ጠጋ ብለው ያነቡታል። ካልወደዱት የማንም ይሁን።

ገንዘቡን ጋሽ ሶሬሳ ይቀበሉ፤ አባባ በነፃ የመጣ ነገር ይጠረጥራሉ። ከአንቺ የምፈልገው ሌላ ነው፤ ያ ወፍራም ብሩሽ። መጋዘኑ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ካልተጣለ።

ጉልበታቸው እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት ያማቸው ነበር።

ዱንያ

መርካቶ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ዱንያ፣ ለጥቁሩ ቀለም እመቤት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳን ደጃፍ ላይ ነው፤ ሳይገባ ይቅር በይኝ፣ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ መልካሙን ወሬ። ሥዕሉ ደረሰ። ጋሽ ሶሬሳ ረጅሙን የካርቶን ቱቦ አቅፈው ደረጃውን ሲወጡ የጦር መሣሪያ የሚያስገቡ ነበር የመሰሉት፤ ፎቁ በሙሉ ተከትሏቸው ገባ። «ነጭ ጓንት ያስፈልጋል» ብዬ አወጅኩ።

አባባ ተነስተው ሄዱ፣ ውዱእ አድርገው እጃቸው እየተንጠባጠበ ተመለሱ። «ከዚህ በላይ ንጹሕ ጓንት የት አገር ይሸጣል?» አሉና እጃቸውን በአቡጀዲ አደረቁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

አክስቴ፣ እኔ ወሬ የማያልቅብኝ ልጅ፣ ወሬ አለቀብኝ። ካርዷ ላይ ያየሁት ጥላው ነበር ለካ። ያ ጥቁር ከግራ ዝቅ ብሎ ተነስቶ፣ መሀል ላይ እንደ ከበደው ሰው ቆም ብሎ፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ወደ ላይ ሲሄድ! ጫፉ ላይ የብሩሹ ፀጉር ለየብቻው ተበትኖ ይታያል፤ ቁጠሪኝ ይላል። ሥሩ ያለው ሰማያዊ የሞተው ፖስተራችን ሰማያዊ አይደለም፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው ነው። መርካቶ ውስጥ ዝም ያለ ሱቅ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን አየሁ። የጋሽ አስናቀው ፏፏቴ ወፍ ብቻ ከወዲያ ትጮሃለች፣ ምስኪን።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ማንበብ ጀመሩ። ሞት ይሻለኝ ነበር። አንደኛው ሐጂ «ሰብር ይላል፣ ትዕግሥት» አሉ። ክር ሻጯ እትዬ የሺ አማትበው «የኔ ጌታ፣ ይኼ ትልቁ ሀ ነው፣ ሃሌ ሉያ ሊል ነው» አሉ። ጋሽ ሶሬሳ ቱርክኛ እንደሚችል ሰው ጎንበስ ብለው «ቅናሽ ነው የሚለው» አሉ። ማሙሸት ተሸካሚው ቦንዳ ተሸክሞ ሊያልፍ ሲል ቆመ። ሸክሙን ሳያወርድ ትክ ብሎ አየና፣ «ይኼ እኔ ነኝ። ደረጃ ስወጣ» አለ። ማንም አልሳቀም። እኔም፣ እመኚኝ።

«አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላል ይላሉ?» አልኳቸው።

«ዝም በሉ» አሉ። «ገና እየጻፈ ነው።»

እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ብጨርሰው ምናለ! ግን ጋሽ አስናቀው መጡ። አዩት፣ ቀኑ፣ ከዚያ «ላሚኔት ይደረግ እንጂ ሐጂ፣ ወረቀት ነው» አሉ።

«ወረቀት አይደለም፣ ጥጥ ነው» አልኩ። የት ነበርሽ ምላሴን ስትቆርጪልኝ!

«ጥጥ?» አሉ አባባ። ነጋዴው ነቃ። «በአፍማ ያልሆነ ጥጥ የለም፤ ከቻይና የሚላከውም በአፍ ጥጥ ነው።» በሁለት ጣታቸው ጠርዙን አሹት፣ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ፈተጉት። ከዚያ ያደረጉትን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አዲስ ጣቃ በገባ ቁጥር የሚያደርጉትን ነው። መቀስ አነሱ። ጎንበስ ብለው አንዱን ጠርዝ አዩ፤ ቀኝ ማዕዘኑን። «7/25 ይላል! ሰባቱን በሃያ አምስት እየሸጡ አንዱን በዚህ ዋጋ?» አሉና፣ እኔ ጮኼ ሳልጨርስ፣ ቆረጡት። ስምሽ ያለበትን። በወረንጦ ይዘው ክብሪት ጫሩበት።

አክስቴ፣ ስምሽ በራ። ትንሽ ነበልባል፣ ትንሽ ጭስ፣ አለቀ። አመዱን መዳፋቸው ላይ አድርገው አሹት፤ ነጭ፣ ልም፣ እንደ ዱቄት። አሽተቱትና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ጥጥ ነው!» አሉ። ሰው ሁሉ «ማሻአላህ» አለ። ጋሽ አስናቀው ወጡ።

መነጽራቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ከቁጥሩ በቀር ያነበቡት አይመስለኝም። አሁን ሥዕሉ በመስታወት ፍሬም ከጎን ግድግዳ ላይ ነው፤ ሥሩ ጥግ ላይ ጥርስ የወለቀ ይመስላል። ብሩሹን በጋሽ ሶሬሳ ልኬልሻለሁ። አልተጣለም። የድሮው ሱቅ ሲፈርስ አባባ ሰዓቱን ጥለው ብሩሹን ከነምስማሩ ይዘው መጥተዋል። አሁን ምስማሩ ባዶ ነው። አንዲት መርፌ ብትጠፋ ሱቅ የሚያዘጉት ሰውዬ ባዶውን ምስማር አይተው ምንም አልጠየቁኝም። ይኼ አላማረኝም።

ጉልበታቸው ያማቸዋል። አያማቸውም ይላሉ።

ወንጀለኛዋ ሱሀይር

መርካቶ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ዱንያ፣

የረመዳን ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጋሽ ሶሬሳ ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት። «ደብዳቤ የለም?» ስላቸው ጫማቸውን አዩ። ተቆጥተሻል። ልክ ነሽ። ግን እየተቆጣሽ ይኼን ስሚ።

ሰው ከኢፍጣር በፊት እየመጣ ይቆማል። ዕቃ አይገዛም፣ አይጠይቅም፣ ይቆማል። ትናንት ከጎጃም በረንዳ የመጡ ሁለት የማር ነጋዴዎች ገብተው ጫማቸውን ሊያወልቁ ነበር። አባባ በየማለዳው ሱቅ ሲከፍቱ መብራት ሳያበሩ ፊቱ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ቀድሜ ደርሼ አየኋቸው፤ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ጣታቸው በቀስታ ይሄዳል፣ ከግራ ዝቅ ይላል፣ ይቆማል፣ ይነሳል። ሲያዩኝ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

ወደዱት ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም እንጂ።

ሱሀይር

ኢስታንቡል፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱሀይር፣

ወዓለይኩም ሰላም። ጾማችሁን አላህ ይቀበል፤ ዒዱ እንዴት አለፈ?

ደብዳቤሽን አንብቤ ለብዙ ቀን ብዕር አላነሳሁም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሕትመት ቤት ውስጥ ላሉት ስነግራቸው አንዷ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። እዚህ ሰው ወረቀቱን ትንፋሽ እንዳይነካው አፉን ሸፍኖ ነው የሚያየው፤ አባባ ክብሪት ጫሩበት። ልክ ናቸው ደግሞ። የሚያብረቀርቀው ርካሽ ወረቀት ላዩ ፕላስቲክ ነው፤ ቢያቃጥሉት ኩርምት ብሎ ይንጠባጠብ ነበር። በዚህ ምድር ላይ ሥራዬን እንደሳቸው የፈተነው የለም።

ከዚያ ሳቁ አለቀ። ስሜን በእርሳስ የጻፍኩት እንዲታይ ነበር። ተቃጠለ። መልስ ጠይቄ ነበር፣ መልስ አገኘሁ ማለት ነው። አትንገሪያቸው። ሌላ ቅጂም አልልክም። ሥዕሉ ከወደዱት ይበቃዋል፤ ሥዕል የሠሪውን ስም ተሸክሞ መኖር የለበትም። ለዘንድሮ አረፋም ሥራ ይዣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ብሩሹ። ዘጠኝ ዓመት ምስማር ላይ የተሰቀለ ብሩሽ ደርቆ እንደ እንጨት መሆን ነበረበት። ይኼ ለስላሳ ነው። ትናንት ቀለም ነክሬ ወረቀት ላይ ሳሳርፈው ታዘዘኝ። ማን ነው ያለሰለሰው?

ዱንያ

መርካቶ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ዱንያ፣ ጠይቃ ለጠፋችው፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታው አጭር ነው፤ ጋሽ ሶሬሳ ነገ ይበራሉ፣ እኔም የምጽፈው ከጣቃዎቹ ጀርባ ተደብቄ ነው። አባባ ለዙህር ሶላት ወጥተዋል።

ስለ ብሩሹ ማሙሸትን ጠየቅኩት። «ሐጂ ናቸዋ» አለኝ፣ እንደ ማንም የሚያውቀው ነገር። «አረፋ በደረሰ ቁጥር በናፍጣ ያጥቡታል፣ ዘይት ይቀቡታል፣ ይሰቅሉታል። ‹ለማን ነው?› ብላቸው ‹ለብሩሹ› አሉኝ።»

ይኼን ስሰማ ደብዳቤሽን ለአባቴ አሳየሁት። አዎ፣ ምስጢር አወጣሁ፤ ከጋሽ ሶሬሳ ተላልፎብኝ ነው። አባቴ አነበበና ወደ አባባ ቤት ሄደ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። የማውቀው ሰኞ የሆነውን ነው።

ሰኞ ዕለት አባባ፣ ሻይ ለመጋበዝ እንኳ ከሰው ጋር የሚማከሩት አባባ፣ ደረጃው ሥር ወርደው ተሸካሚዎቹን ምሳ ጠሩ። በጣታቸው እየቆጠሩ፣ አሥር። ሥጋ፣ እንጀራ፣ ለስላሳ። ማሙሸት አሥራ አንደኛ ሆኖ ብቅ አለ። «አንተ ለቁጥሩ አትገባም» አሉት፣ «ግን ብላ» ብለው ለሱ ለብቻው ሽሮ አስመጡለት። ጋሽ አስናቀው «ሐጂ ለምርጫ ሊወዳደሩ ነው» አሉ። እኔም ማታ ዳቦ ልንገዛ ስንሄድ እየሳቅኩ ለአባቴ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። «ሱሀይር» አለኝ፣ «ሰው በአላህ ምሎ መሐላውን ማፍረስ ሲፈልግ ካሳው ምን እንደሆነ ቁርአን ቤት አልተማርሽም?»

አሥር ድሃ ማብላት።

አክስቴ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ትናንት ደግሞ አባባ በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ዘጉ። መርካቶ ውስጥ በቀትር ሱቅ የሚዘጋው ሰው ሲሞት ነው። እኔ ግን ሐላዋ ሊበሉ ነው ብዬ ነበር፤ ሐኪም የከለከላቸውን ሐላዋ ከመሳቢያው ከናሙናዎቹ ሥር ደብቀው በየቀኑ በዚያ ሰዓት ይጎርሳሉ፣ ፍርፋሪው ጺማቸው ላይ እያለ «ምንም አልቀመስኩም» ይላሉ፣ ማንም የማያውቅ ይመስላቸዋል። «ግቢ» አሉኝና የብረት ሳጥኑን ከፈቱ። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አወጡ። አንዱን ጫፍ ለኔ ሰጥተው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሱቁ እስኪያልቅ።

ያ ነው። ያንቺ ጽሑፍ። ሞታቸው ላይ የጻፍሽው።

ጨርቁን ሥዕሉ ሥር ያዝነው። አንድ ነው፣ አክስቴ። ከግራ ዝቅ ብሎ የሚነሳው፣ መሀል ላይ የሚቆመው፣ በአንድ ትንፋሽ የሚሄደው፣ ጫፉ ላይ የሚበተነው። ጨርቁ ላይ ያለው ልጅ ነው፣ ይሮጣል። ግድግዳው ላይ ያለው አድጓል፣ ይራመዳል። ጀርባዬን እንደዚያን ቀን ወረረኝ፣ ጨርቁ ሲወዛወዝ ጽሑፉ የሚተነፍስ መሰለኝ።

«ለሞቴ ሌላ ገዝቻለሁ» አሉ አባባ። «ይኼን መጣል ግን አልቻልኩም።»

«ታዲያ ሥዕሉ የማን እንደሆነ መች አወቁ?»

«ከቱቦው ሲወጣ።»

«ስሙንስ አንብበውታል?»

«ስም በእርሳስ ይጻፋል?» ብለው ተቆጡ። «እንደ ሌባ ጥግ ተለጥፎ! እኔ ያስተማርኩት በወፍራም ብሩሽ፣ ከመሳለሚያ ቆሞ እንዲነበብ ነው። አስናቀው ፊት ዓይኔ ውሃ ሊያመጣብኝ ሲል መቀስ አነሳሁ፤ ሰባት በሃያ አምስት ምናምን አልኩ። ምን ላድርግ?» ጨርቁን ማጠፍ ጀመሩ። «አሁን ዕቃው ምልክት የለውም። ምልክት የሌለው ቦንዳ መጋዘን ውስጥ ዕድሜውን ቢጨርስ ባለቤት አለኝ አይልም። ትምጣና ትጻፍበት።»

«ማን?»

«ብሩሹን የወሰደችው።»

አየሻቸው? ካሳውን ከፍለዋል፣ በሩን ከፍተዋል፣ ስሙ ላይ ሲደርሱ ግን እንደ ማሙሸት ደረጃ ላይ ቆሙ። አንቺ ደግሞ በአፋቸው ካልጠሩሽ አትመጪም። ሁለታችሁም ከአንድ ጣቃ የተቀደዳችሁ ናችሁ፤ መሀል ላይ የቆምኩት መቀስ እኔ ነኝ። አረፋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ምን ብዬ እንደማስጠራሽ እያሰብኩ ነው፣ ቆይ

የአባባ ከዘራ ድምፅ። ደረጃው ላይ። መጡ።

አክስቴ፣ ራሴ ላይ ቆመዋል። ወረቀቱን ልደብቅ ስል በከዘራቸው ያዙት። እየጻፍኩ ነው፤ የሚሉትን ሁሉ እንደሚሉት እጽፋለሁ።

«ምንድን ነው?»

«የሒሳብ ጥያቄ ነው፣ አባባ።»

«ሒሳብ ‹አሰላሙ ዓለይኩም› ብሎ ነው የሚጀምረው?»

ከጣቃው ጀርባ ወጣሁ።

«ጻፊ» አሉ። «ለአረፋ ትምጣ በያት።»

«ለማን ብዬ ልጻፍ?»

«ታውቂያለሽ።»

«ጋሽ ሶሬሳ ስም የሌለበት ዕቃ አልጭንም ብለዋል። ምልክት የሌለው ዕቃ ባለቤት የለውም፤ እርስዎ ነዎት ያሉት።»

ድምፃችንን ሰምተው ጎረቤቶች ደጃፋችን ተሰብስበዋል። እትዬ የሺ መቀሳቸውን አቆሙ። ማሙሸት በሩ ላይ ቦንዳ ተሸክሞ ቆሟል፣ አያወርድም፣ አይገባም። ጋሽ አስናቀው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ ሄደው የፏፏቴያቸውን ሶኬት ነቀሉ። ወፏ ዝም አለች።

አባባ ሥዕሉን እያዩ ነው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዱንያ» አሉ።

ቀስ ብለው ነው፣ ለራሳቸው። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና ታችኛው ፎቅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣

«ዱንያ! ለአረፋ ትምጣ! ብሩሹን ይዛ!»

ጠሩሽ፣ አክስቴ። ሁሉም ሰምቷል፤ ሃያ ምስክር አለኝ፣ ግማሾቹ እያለቀሱ ነው። ማሙሸት ቦንዳውን አወረደ። አሁን መነጽራቸውን አውጥተው ስምሽን አሳምሬ መጻፌን ለማየት በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለዋል። «ዱ»ዋ ጠበበች አሉ። ወደ ላይ እያነበቡ ነው። የከዘራው ጋ ደረሱ፤ ሳቁ። የመቀሱ ጋ ደረሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ላይ እየሄዱ ነው፣ ያ አላህ፣ የሳጥኑን አለፉ፣ ሐላዋው ጋ

«ሱሀይር!»